ሁለት ገጽ ሲቀረው

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር ውኃ በሚያንጠባጥብ ጣራ ሥር ተቀምጦ መከራከር ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሜልበርን ውስጥ አስኮት ቬል ካለው ፍላታችን በላይ የምትኖረው ልጅ ከሥራ መልስ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗን ስታስነሣ፣ ከኩሽናችን ጣራ ጥግ ውኃ ይወርዳል። ባለቤቴ ባልዲ ሥሩ አስቀመጠና ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎትቶ መጽሐፉን ከፈተ። የዕለቱ ገጽ የሚናገረው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ስለ ሁለት ጎረቤቶች ነበር። አንዱ ከላይ ይኖራል፣ ሌላው ከታች። የላይኛው ሲታጠብ ውኃው ወለሉን አልፎ የታችኛውን ይጎዳዋል። ወለሉን ማን ያድሰው? አንዱ ሊቅ የላይኛው ነው ይላል፤ ሌላው የታችኛው።

"ይኸው፣ ስለ እኛ ተጽፏል" አለና ሳቀ። "ልጅቷን ልጥራትና ታዳምጥ?"

"ቆይ እስቲ። የታችኛው ለምንድን ነው የሚያድሰው? የተጎዳው እሱ አይደለም እንዴ?"

"እንደዚያ ይላላ።"

"ማለቱንማ ሰማሁ። ለምን እንዳለ በአማርኛ ንገረኝ።"

ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ጀመረና ተወው። እንደገና ጀመረና ተወው።

"ሁለት ገጽ ነው የቀረን" አለኝ። "እሑድ ከጥናት ቡድኑ ጋር ቅጹን እንዘጋዋለን። ምናልባት ወደፊት ያብራራው ይሆናል። እንለፈው።"

"እሑድማ ሌላ ገጽ ላይ ነህ።"

"እመለስበታለሁ።"

"አንተ መቼ ተመልሰህ ታውቃለህ?"

"ፍሬን" አለኝ። ያወጣልኝ ስም ነው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ባልዲውን ሊደፋ ተነሣ፤ እኔም ሽንኩርት ወደ መክተፌ ሄድኩ። ማታ በላን፣ ተኛን። ዓርብ ጠዋት ለሰንበት የሚሆን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ትራም ማቆሚያው ላይ ወደቀ። አንዲት የማናውቃት ሴት አምቡላንሱ እስኪደርስ እጁን ይዛው እንደነበር ፖሊሱ ነገረኝ። ስሟን አልጠየቅሁም፤ አሁን ይቆጨኛል።

እሑድ ቀበርነው። በዚያው ቀን ከከተማው ማዶ ያሉት ጓደኞቹ የቅጹ መጨረሻ ላይ ደረሱ።

መጽሐፉ ምን እንደሆነ ላስረዳ። የአይሁድ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በፊት በኦሪት ሕግ ላይ የተከራከሩት ክርክር ነው፤ ብዙ ቅጾች አሉት። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በቀን አንድ ገጽ፣ ማለትም የአንድ ቅጠል ሁለቱንም ፊት፣ እያነበቡ ከሰባት ዓመት በኋላ ይጨርሱታል፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። እኛ ቤተ እስራኤሎች ይህን መጽሐፍ በአገራችን አናውቀውም ነበር። ጎንደር ውስጥ ባደግኩበት መንደር የነበረን ኦሪት ነው። ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፤ ትንሽ ካነበቡ በኋላ ቀና ይሉና በአማርኛ ይነግሩናል። እኔ በልጅነቴ የምጠብቀው ግዕዙን አልነበረም፤ ቀና የሚሉበትን ጊዜ ነበር። ፊታቸው ሲቀየር አየዋለሁ። ያነበቡትን ነገር ለእኛ ለመስጠት መጀመሪያ ራሳቸው መያዝ ነበረባቸው።

በኋላ እስራኤል ገባን፤ ዕብራይስጥ ተማርን፤ ልጃችንን አሳደግን። እሷ አግብታ ሜልበርን ስትገባና ልጆች ስትወልድ እኛም ተከተልናት። ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራ። ጡረታ ሲወጣ ከወንዙ ማዶ በአንድ ምኩራብ የሚሰበሰብ፣ በቀን አንድ ገጽ የሚያነብ ቡድን አገኘ። በሳምንት ሁለት ቀን በባቡር ይሄዳል፤ በሌሎቹ ቀናት በዙም ጆይን ያደርጋል። ኩሽና ውስጥ ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከአስተማሪው እኩል ይሮጥ ነበር።

ሩጫ ነው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ገጽ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃል። ያልገባ ነገር ቢኖርም ነገ ሌላ ገጽ አለ። እኔ አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪ ያልገባውን ትቶ ሲያልፍ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ተጨቃጨቅን።

"እኔ እኮ በስተርጅና ነው የደረስኩበት" ይለኝ ነበር። "በየገጹ ከቆምኩ አገሩን ሳላየው እሞታለሁ። አንዴ ልየው፤ ከዳር እስከ ዳር።"

"ከአውሮፕላን ላይ ያየኸውን አገር አየሁት ትላለህ?"

"ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ። አንቺ ግን መንደርሽ ውስጥ ቁጭ ብለሽ የጎረቤትሽን አጥር ትቆጥሪያለሽ።"

ሁለታችንም እውነት ነበረን፤ የሁለታችንም እውነት አንድ አንድ ጊዜ አሳፍሮናል። አንድ ሰርግ ላይ ባለቤቴ ስለ ጋብቻ የሚናገረውን ቅጽ መጨረሱን ለተቀመጠው ሁሉ ተናገረ። የሙሽራው አጎት ከዚያው ቅጽ አንድ ቀላል ነገር ጠየቀው። ባለቤቴ ብርጭቆውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። "ስለሱም ይናገራል" አለ። ምን እንደሚናገር ግን አንድም ቃል አልመጣለትም። መኪና ውስጥ ስንገባ ልጃችን መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

እኔ ደግሞ የእሱን ሩጫ ለመቃወም ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ አንድ ገጽ ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ። ማብራሪያዎቹን ሁሉ አነበብኩ፤ የማብራሪያውን ማብራሪያ አነበብኩ። ክረምቱ ሲያልቅ ገጹ የሚናገረው ስለ አህያ ይሁን ስለ በሬ ግራ ገባኝ። ሊቃውንቱ በምን እንደተጣሉ አውቃለሁ፤ ጠቡ ስለምን እንደተነሣ ግን ጠፍቶብኛል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው አልሳቀብኝም። "እንግዲያው እንከፋፈለው" አለ።

የተከፋፈልነው እንዲህ ነው። ከእሑድ እስከ ዓርብ እሱ ይሮጣል፤ እኔ አላስቆመውም፣ ወይም ብዙም አላስቆመውም። ሰንበት ከምሳ በኋላ፣ ምኩራቡ በእግር የማይደረስ ስለሆነ ቤት ውስጥ ስንውል፣ ከሳምንቱ ገጾች አንዱን እመርጥና በአማርኛ ያስረዳኛል። በአማርኛ መናገር ያቃተውን ነገር እንዳልገባው እንቆጥረዋለን። አንዳንዴ በዕብራይስጥ ቃላት ሊያመልጠኝ ይሞክራል፤ "ይህን ቃል እናቴ አታውቀውም" እለዋለሁ። የሱን እናት አላነሣም፤ ክርክሩ ወደ ሌላ ነገር እንዳይሄድ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ማስቆሜ ከውላችን ውጪ ነበር። ውኃው ነው ያስቆመኝ፤ ከዓይኔ ፊት ይንጠባጠባል።

በሰባቱ የለቅሶ ቀናት ሐዘንተኛ ኦሪት አያጠናም። ጥናት ልብን ደስ ያሰኛል ስለሚባል ነው። ይህን ሕግ ሳነበው ቀላል መስሎኝ ነበር። መጽሐፉ ኩሽናው መደርደሪያ ላይ፣ ባለቤቴ የሻይ ከረጢት ወረቀት አጥፎ ያደረገበት ምልክት ብቅ እንዳለ ተቀምጧል። እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ሌላ ማንበብ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

በሰባቱ ቀን መካከል አንድ ሽማግሌ ከከተማው ዳር፣ ታርኔት ካለው ቤታቸው በባቡርና በትራም መጡ። ከባለቤቴ ጋር የአንድ ወረዳ ልጆች ናቸው፤ ቡድኑ ውስጥም ከእሱ ሌላ የእኛ አገር ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከአጠገቤ ተቀመጡና፣

"እህቴ፣ ቡድኑ እሑድ ደርሷል" አሉኝ። "ግን አልዘጋነውም። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሳናነብ አስቀርተናል። ሐዘኑ በሚያበቃበት በሠላሳው ቀን እዚህ መጥተን በእሱ ስም እንዘጋዋለን፤ አማችሽ የሙት ጸሎቱን፣ ቃዲሽ ይላል፣ ትንሽ እንቀምሳለን።"

ይህ ትልቅ ክብር ነው። አንድ ቅጽ ሲያልቅ ማዕድ ይደረጋል፤ በሙት ስም ሲሆን ለነፍሱ መልካም እንደሆነ ይታመናል። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንባቢው ቅጹን እንደ ሰው ያናግረዋል፤ ወደ አንተ እንመለሳለን ይለዋል። ባለቤቴ ሳይገባው ባለፈው ገጽ ሁሉ የሚመካው በዚህ ነበር። ሽማግሌው ሲናገሩ የታየኝም ይኸው ነው። እሱ ስላልገባው ገጽ፣ በእሱ ስም፣ እመለሳለሁ ሊባል ነው። ማን ነው የሚመለሰው?

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳቸው። "ግን እሱ እዚያ አልደረሰም፣ ጋሼ።"

"እኛ ደርሰንለታል።"

"ሁለት ገጽ ቀርቶታል። ያቆመበት ገጽም አልገባውም ነበር።"

"ኧረ ያልገባን ስንት አለ። እኔን ብትጠይቂኝ ግማሹ የት እንደገባ አላውቅም።"

"አንቱማ ነገ ተመልሰው ማየት ይችላሉ።"

ጫማቸውን አዩ። "እና ምን ይሁን ነው የምትይው? ሠላሳውን ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ቁጭ እንበል?"

"እናንተ አትቀመጡም። እኔ እቀመጣለሁ። ከገባኝ ካቆመበት ጀምራችሁ በስሙ ትዘጉታላችሁ። ካልገባኝ በራሳችሁ ስም ዝጉት፤ ምግቡን እኔ እሠራለሁ።"

"ስምሽን በከንቱ አላወጣልሽም ለካ።"

"ለእርስዎም ነግሮዎታል?"

"ለቡድኑ ሁሉ ነው እንጂ። አስተማሪው ሳይቀር በአማርኛ ፍሬን ማለት ያውቃል።"

ልጄ ከኩሽናው ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ሰባቱ ቀን እንዳለፈ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ለካ ከዚያ ክረምት ወዲህ ብቻዬን ከፍቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የሚያነበው እሱ ነው፤ እኔ የምሰማው ድምፁን ነበር። የእኔ ዕብራይስጥ ያዘግማል። ጠዋት ጠዋት ጥቂት መስመር አነባለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ። ለምን የታችኛው? ብዬ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ግን ጥያቄውን የምትጠይቀዋም መልስ የምታጣዋም አንዲት ሴት ስትሆን ነገሩ አይንቀሳቀስም። ይህን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። ማስቆም ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም። የሚሮጥ ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ከመኪና ትደውላለች።

"እማ፣ ዲድ ዩ ኢት?"

"በላሁ።"

"አሁንም ያው ፔጅ ላይ ነሽ?"

"ያው ነኝ።"

"ጀስት ተርን ዘ ፔጅ፣ እማ።"

ተቆጣሁ። እንደ አባትሽ ነሽ አልኳት፤ ስልኩ ውስጥ የመኪናዋ ፍሬቻ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ "አይ ኖው" አለችኝ ቀስ ብላ።

በማግስቱ ቅጠሉን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሊቃውንቱ ስለዚያው ውኃ አሁንም ይናገራሉ። ውኃው በቀጥታ የሚወርድ ከሆነ፣ የላይኛው ቀስት እንደ ወረወረ፣ በገዛ እጁ እንደ ጎዳ ይቆጠራል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ውኃው መጀመሪያ ወለሉ ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያም በራሱ ጊዜ ሲወርድ ነው። አነበብኩት። ቃሉን በቃል ተረዳሁት፤ ነገሩ ግን አልተያዘልኝም።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የላይኛዋ ልጅ ናት። ሐረር ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ ሆስፒታል በሺፍት የምትሠራ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ናት፤ ስትናገር ቃላቱን አንድ በአንድ ታስቀምጣቸዋለች። ሙዝና ብርቱካን ይዛለች።

"እትዬ፣ ሜንተናንስ ሪፖርት አድርጌያለሁ። እስኪመጡ ማሽኑን አልነካም። እኔ በጣም አፈርኩ፤ በለቅሶ ቤት ላይ ውኃ ማፍሰስ..."

"ግቢ። አንቺ መቼ አፈሰስሽ?"

"ይኸው ባልዲው።"

"አንቺ ልብስ አጠብሽ። የሚኖር ሰው ልብስ ያጥባል። ውኃው ወለልሽ ላይ ተቀምጦ፣ መንገድ ፈልጎ ነው የወረደው። እኔ ላይ አንቺ አልደፋሽብኝም። ቤትሽ ውስጥ መኖርሽን አቁሚ ልልሽ አልችልም፤ ስለዚህ የሚያሳስበው እኔን ከሆነ፣ የምከላከለው እኔ ነኝ..."

እዚህ ላይ ቆምኩ። በአማርኛ ነው የተናገርኩት።

"ይህ ሕግ ነው፣ እትዬ?"

"ክርክር ነው። አንዱ ሊቅ እንዲህ ይላል፤ ሌላው አንቺ ታድሺ ይላል።"

"ቤቱን ያከራየን ሃውዚንግ የመጀመሪያውን እንዳይሰማ" አለች። "አንቺው ቀቢ ይሉሻል።"

ብርቱካን ላጠችልኝ። ስትሄድ መጽሐፉ ፊት ተቀመጥኩና ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ያ መልስ ባለቤቴ ጣቱን ካቆመበት ቅጠል ጀርባ ነበር። እሱ እንዳለው ብናልፍ ኖሮ ያን ቀን እንደርስበት ነበር። ደግሞም ብናልፍ ኖሮ እንደ ሌላው ሁሉ አንብቦት ያልፈው ነበር፤ ጥያቄው አልያዘውማ። እኔም ጥያቄውን ይዤ ቅጠሉን ሳልገለብጥ ዓመት እቀመጥ ነበር። ለእሱ ልነግረው ፈለግሁ። የፈለግሁት ይህንን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

ለሽማግሌው ደወልኩና "ይምጡ" አልኳቸው።

ለሠላሳው ቀን ሳሎናችን በሰው ሞላ። ወንበር ከየጎረቤቱ ተዋስን። አስተማሪው እዚሁ አገር የተወለደ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነው፤ ባለቤቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጬ ገጹን በአማርኛ ተናገርኩ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ይህች ልጅ ለዓመታት በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ናት፤ ሁሉንም ትሰማ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ። አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝ።

"እማ፣ ቆይ። ኋይ ታችኛው? አልገባኝም።"

እንደገና ነገርኳት። ከዚያ ከወንዶቹ አንዱ፣ ወለሉ አስቀድሞ የተሰነጠቀ መሆኑን የላይኛው ቢያውቅስ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ማወቁ ምን ይለውጣል አለው። አስተማሪው በሁለቱም ላይ ተነሣ። እኔ የማልደርስበት ፈጣን እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ በጠረጴዛው ላይ ተመላለሰ፤ አንዱ ጣራችንን እያሳየ ይከራከራል፣ ሁሉም ቀና ብለው ዕድፉን ያያሉ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አይተው፣

"ጎበዝ፣ የታርኔት ባቡር እናንተን አይጠብቅም" አሉ።

የቀሩትን ሁለት ገጾች ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ሮጡበት። ባለቤቴ እንደሚሮጠው፣ ቃል ከቃል እየተጋፋ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ። አንዲት ነገር አልያዝኩም፣ ላስቆማቸውም አልፈለግሁም። ያስቀሯቸውን የመጨረሻ መስመሮች ዘጉ። ከዚያ ለቅጹ የሚባለውን አሉ፤ ወደ አንተ እንመለሳለን። በእሱ ስም ተባለ። ይህን ቃል መስማት ያቅተኛል ብዬ ነበር፤ አላቃተኝም። እመለስበታለሁ ያለው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ተመልሰንለታል። አማቼ ተነሥቶ ቃዲሽ አለ። እኔም ከሰዎቹ ጋር አሜን አልኩ፤ ሄጄም ወጡን አሞቅሁ።

አሁን ቡድኑ አዲስ ቅጽ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት አንድ ገጽ አነባለሁ። ባይገባኝም አልቆምም፤ ያልገባኝ መስመር ጫፍ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጌ አልፋለሁ። ማክሰኞ ሽማግሌው ይመጣሉ። ከነጥቦቹ አንዱን መርጠው በአማርኛ ንገሪኝ ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ።